ቁልፍ ሌላ፣ ፊደል ሌላ፦ ሊኑክስ ከተጫነ በኋላ ስለሚዛባ የቁልፍ ሰሌዳ

ከጀርመን ወይም ከፈረንሳይ በመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የጫነ ተማሪ እንዲህ ያለ ችግር ሊገጥመው ይችላል። ጭነቱ ያለ እንከን ይጠናቀቃል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣል፤ የመግቢያው ገጽም የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ተማሪው ከአንድ ሰዓት በፊት ራሱ የመረጠውን ቃል ይጽፋል፤ ማሽኑ ግን ትክክል አይደለም ብሎ ይመልሰዋል። ደጋግሞ ቢሞክርም መልሱ ያው ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ከሁለት አንዱን ይገምታሉ፤ ወይ የይለፍ ቃሉ ተረስቷል፣ ወይ ኪቦርዱ ተበላሽቷል። በመጀመሪያው ግምት የሚሄዱት ስርዓቱን እንደገና ይጭናሉ፤ ዲስኩ ላይ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍና የላቦራቶሪ ዘገባም አብሮ ይጠፋል። በሁለተኛው የሚሄዱት ደግሞ ጤነኛ ኪቦርድ ለማስለወጥ ገንዘብ ያወጣሉ። ከሁለቱ የትኛውም ግምት ትክክል ላይሆን እንደሚችል የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ቁልፉ ላይ ከታተመው ፊደል የተለየ ፊደል ለምን እንደሚወጣ እንመረምራለን፤ ማስተካከያውንም እናሳያለን። ምክንያቱን ሳይረዳ ትእዛዝ ብቻ የቀዳ ሰው በሚቀጥለው ላፕቶፕ ላይ እንደገና መቸገሩ ስለማይቀር ከምክንያቱ እንጀምራለን። የሊኑክስ ትእዛዞችን የምናሰፍረው በአነባበባቸው ነው፤ አንባቢው ሲሠራባቸው በትንንሾቹ የላቲን ፊደላት ይተይባቸዋል። አነባበቡ ብቻውን በማይበቃበት ቦታ ፊደል በፊደል ዘርዝረናቸዋል።

ቁልፍ ፊደል አይልክም

በጽሕፈት መኪና ቁልፉና ፊደሉ በብረት ክንድ የተያያዙ ናቸው። ቁልፉ ሲመታ ክንዱ ተነሥቶ ጫፉ ላይ የተቀረጸውን ፊደል ወረቀቱ ላይ ያትማል፤ ሌላ ፊደል ሊወጣ አይችልም። በኮምፒውተር ግን ይህ ትስስር የለም። ከቁልፎቹ ሥር በረድፍና በዓምድ የተዘረጋ የሽቦ መረብ አለ። ቁልፍ ሲነካ አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ይገናኛሉ፤ መረቡን ያለማቋረጥ የሚቃኝ አነስተኛ ተቆጣጣሪ ቺፕም የግንኙነቱን ቦታ ለይቶ አንድ ቁጥር ይልካል። ጣት ሲነሣ ደግሞ ቁልፉ መለቀቁን የሚናገር ሌላ ምልክት ይከተላል። እስከዚህ ድረስ ፊደል የሚባል ነገር አልመጣም።

የሊኑክስ ከርነል ይህን ምልክት ተቀብሎ ለእያንዳንዱ የቁልፍ ቦታ የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል። ከ«ታብ» ቁልፍ በስተቀኝ ያለው የመጀመሪያው ቁልፍ 16 ነው፤ በዚያ ረድፍ ቁጥሩ በተከታታይ እያደገ ይሄዳል። ከእርሱ በታች ያለው ረድፍ በ30 ይጀምራል። 16 ቁጥር በሆነው ቁልፍ ላይ በአሜሪካ ላፕቶፕ «ኪው»፣ በፈረንሳይ ላፕቶፕ ደግሞ «ኤ» ታትሞበታል፤ ከርነሉ ዘንድ የሚደርሰው ግን በሁለቱም 16 ነው። በቁልፉ ላይ የታተመው ፊደል ለዓይናችን የተቀባ ቀለም ነው እንጂ ማሽኑ አያየውም።

ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው በእንግሊዝኛ «ሌይአውት» የሚባለው፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ድልድል» የምንለው ሠንጠረዥ ነው። የአሜሪካው ድልድል 16ን ለ«ኪው» ይሰጣል፤ የፈረንሳዩ ለ«ኤ»። በሊኑክስ ላይ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚያከናውነው «ኤክስ-ኬ-ቢ» የተባለው ሥርዓት ሲሆን ከከርነሉ ቁጥር ላይ 8 ጨምሮ ይጠቀማል፤ 16 እዚያ 24 ይሆናል። ከቁጥር 8 በታች ያሉት በቀድሞው የኤክስ ዊንዶው ሥርዓት ደንብ ለቁልፍ ስለማይሰጡ ነው። ሁለት መሣሪያዎች ለአንድ ቁልፍ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ቢያሳዩ እንግዲህ አንዳቸው ተሳስተዋል ማለት አይደለም።

ታዲያ ኮምፒውተሩ የየትኛው አገር ኪቦርድ እንደተገጠመለት ለምን ራሱ አያውቅም? የዩኤስቢ ደንብ ኪቦርዱ የአገሩን መለያ ቁጥር የሚገልጽበት ቦታ አበጅቶለታል፤ አብዛኞቹ አምራቾች ግን ቦታውን በዜሮ ይተዉታል። የብዙ ላፕቶፖች የውስጥ ኪቦርድ ደግሞ የሚገናኘው ከዚያ በቀደመው ስልት ነው፤ በእርሱ ይህ መረጃ አይላክም። ስለዚህ ጫኚው ፕሮግራም ተጠቃሚውን ከመጠየቅ ወይም ከተመረጠው ቋንቋና አገር ተነሥቶ ከመገመት ሌላ አማራጭ የለውም። ግምቱ በሚሳሳትበት ጊዜ ይህ ጽሑፍ የሚያወራለት ችግር ይፈጠራል።

ነገሩ ከሊኑክስ ልደት ጀምሮ አብሮ የኖረ መሆኑም ይገርማል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው የከርነሉ ቅጂ 0.11 ውስጥ ድልድሉ ከርነሉ ውስጥ የተሰፋ ነበር፤ እንደ ቀዳሚ ምርጫ የተቀመጠውም የአገሩ የፊንላንድ ድልድል ነው። የአሜሪካ፣ የጀርመን ወይም የፈረንሳይ ኪቦርድ የነበረው ሰው አንድ የምንጭ ፋይል አስተካክሎ ከርነሉን በሙሉ እንደ አዲስ ማጠናቀር ነበረበት። ከዚያ አንጻር የዛሬው ተጠቃሚ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል።

ምልክቱን ማንበብ

ሐኪም ከምልክቱ ተነሥቶ በሽታውን እንደሚለይ ሁሉ እዚህም የተሳሳተው ፊደል ራሱ የትኛው ድልድል እንደተቀመጠ ይነግረናል። «ዋይ» ሲነካ «ዜድ»፣ «ዜድ» ሲነካ «ዋይ» ከወጣ ጉዳዩ የጀርመንና የአሜሪካ ድልድል መደባለቅ ነው። «ኤ» እና «ኪው»፣ እንዲሁም «ዜድ» እና «ደብልዩ» ከተለዋወጡ ነገሩ ፈረንሳይኛ ነው፤ በፈረንሳይ ላፕቶፕ ላይ የአሜሪካ ድልድል ሲቀመጥ ከዚህ በተጨማሪ «ኤም» የታተመበት ቁልፍ ነጠላ ሰረዝ ከላይዋ ነጥብ ያለባትን ምልክት ያወጣል፤ «ኤም» ራሱም የሚገኘው ነጠላ ሰረዝ በታተመበት ቁልፍ ላይ ነው።

ፊደላቱ ሁሉ ትክክል ሆነው ምልክቶቹ ብቻ ሲዛቡ መለየቱ ትንሽ ያስቸግራል። «ሺፍት» እና 2 አብረው ሲነኩ በአሜሪካው ድልድል @ ይወጣል፤ በእንግሊዙ ግን የጥቅስ ምልክት ይወጣና @ ወደ «ኢንተር» ቁልፍ አቅራቢያ ይሄዳል። የይለፍ ቃሉ ፊደልና ቁጥር ብቻ ከሆነ ይህ ልዩነት ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ሌላው ብዙ ጥያቄ የሚያስነሣው የጥቅስ ቁልፍ ሲነካ ምንም አለመውጣቱ፣ ቀጥሎ «ኤ» ሲነካ ግን ከላዩ ጭረት ያለበት «ኤ» ብቅ ማለቱ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ «ዓለም አቀፍ» የተባለው የአሜሪካ ድልድል ዝርያ ተመርጧል ማለት ነው። በእርሱ የጥቅስ ቁልፍ የሚቀጥለውን ፊደል ይጠብቃል፤ የቦታ ቁልፍ ሲከተለው ብቻ ጥቅሱን ያወጣል። ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ያለ ዝርያ የተቀመጠውን ተራውን የአሜሪካ ድልድል ቢመርጥ ይሻለዋል ብለን እናምናለን።

በአንጻሩ «ዩ»፣ «አይ» እና «ኦ» ሲነኩ 4፣ 5 እና 6 ከወጡ ነገሩ ከድልድል ጋር አይገናኝም። በአነስተኛ ላፕቶፖች ፊደላቱ መሐል የተደበቀው የቁጥር ሰሌዳ ተከፍቷል፤ «ነም ሎክ» ቁልፍን፣ አስፈላጊም ከሆነ ከ«ኤፍ-ኤን» ጋር፣ መንካት ይበቃል። የትኛውም ድልድል ቢቀመጥ ምንም የማያወጣ ቁልፍ ደግሞ በእርግጥ ሊበላሽ ስለሚችል መሞከር አለበት፤ «ኤክስ-ኢ-ቪ» የተባለው አነስተኛ ፕሮግራም እያንዳንዱ ቁልፍ ሲነካ ቁጥሩን ያሳያል። ቁጥር ከታየ ቁልፉ ጤነኛ ነው።

የመግቢያው በር ሲዘጋ

አሁን ወደ ተቆለፈበት ተማሪ እንመለስ። የፈረንሳይ ላፕቶፕ አለው እንበል፤ የይለፍ ቃሉም «ዜና» የሚለው ነው፤ በላቲን «ዜድ-ኢ-ኤን-ኤ» ተብሎ የተጻፈ። (እንዲህ ያለ አጭር ቃል ለእውነተኛ ሥራ አይመከርም፤ ለምሳሌ ግን ይመቻል።) በጭነቱ ጊዜ የተቀመጠው የአሜሪካ ድልድል ከነበረ ተማሪው የነካቸው ቁልፎች ያወጡት «ደብልዩ-ኢ-ኤን-ኪው» ነው። በስክሪኑ ላይ ከነጥብ በቀር የሚታይ ስለሌለ አላወቀም። የመግቢያው ገጽም በአሜሪካው ድልድል የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ቁልፍ በነካ ቁጥር ያው ስለሚወጣ በሩ ይከፈትለት ነበር። ችግሩ የሚነሣው ቃሉ የተመረጠበት ድልድልና አሁን የሚጠየቅበት ድልድል ሲለያዩ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውል የምንሻው ኮምፒውተሩ የሚያስታውሰው የተነኩትን ቁልፎች ሳይሆን የወጡትን ፊደላት መሆኑን ነው።

መውጫው እንግዲህ ግልጽ ነው። ብዙ የመግቢያ ገጾች ከጥግ የኪቦርድ ወይም የቋንቋ ምልክት አላቸው፤ ድልድሉን ከዚያ መለወጥና ቃሉን እንደገና መሞከር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ምልክቱ ከሌለ የአሜሪካን ድልድል ሥዕል ከፊት አስቀምጦ የታተመውን ፊደል ሳያዩ በቦታው መጻፍ ይቻላል። የአሜሪካ ፊደል የታተመበት የውጭ ኪቦርድ ከጓደኛ ተውሶ በዩኤስቢ መሰካትም ይሠራል፤ የሚሠራው ግን የታተመው ፊደል ከተቀመጠው ድልድል ጋር ስለተስማማ ነው። በዚህ ሙከራ ተሳክቶለት «የላፕቶፑ ኪቦርድ ነው የተበላሸው» ብሎ የሚደመድም ሰው ብዙ ነው።

ምን እየወጣ እንደሆነ በዓይን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ «ኮንትሮል»፣ «ኦልት» እና «ኤፍ3» አንድ ላይ ሲነኩ ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ይከፈታል። ይህ ገጽ መጀመሪያ የሚጠይቀው የተጠቃሚ ስም ሲሆን ስም ሲጻፍ በግልጽ ይታያል። እዚያ ላይ የኪቦርዱን ረድፎች በመሞከር የተቀመጠውን ድልድል ማወቅ ይቻላል፤ የይለፍ ቃሉን ራሱን እዚያ መጻፍ ግን አይገባም፤ ያልታወቁ ስሞች በመዝገብ ላይ ሊሰፍሩ ይችላሉና። የጽሑፉ ገጽና ሥዕላዊው ገጽ የተለያየ ድልድል ሊኖራቸው እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ እንኳ ዳግመኛ ከመጫን በፊት የሚቀር መንገድ አለ። ሊኑክስ የተጫነበትን ፍላሽ ሰክቶ «ሳይጫን ሞክር» በሚለው ምርጫ ማስነሣት፣ ከዚያም የላፕቶፑን ዲስክ ከፍቶ ፋይሎቹን ወደ ውጭ መገልበጥ ይቻላል። ዲስኩ በምስጢራዊ ኮድ ካልተቆለፈ በስተቀር የመግቢያው የይለፍ ቃል ለዚህ አያግድም።

አንድ ላፕቶፕ፣ በርካታ ድልድል

በሩ ከተከፈተ በኋላ ማስተካከያው ቀላል ይመስላል፤ ብዙዎችን የሚያደናግረው ግን ሊኑክስ ድልድሉን በአንድ ቦታ ብቻ አለማስቀመጡ ነው። ማሽኑ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚመጣው ማስነሻ ፕሮግራም «ግሩብ» ሌላ ካልታዘዘ በቀር በአሜሪካው ድልድል ይሠራል። ዲስኩ ከተቆለፈ መክፈቻውን የሚጠይቀው ጊዜያዊው አነስተኛ ስርዓት የራሱ ድልድል አለው። ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ሦስተኛው ነው። የመግቢያው ገጽና ከገባን በኋላ የሚጠብቀን ዴስክቶፕ ይከተላሉ፤ ዴስክቶፑም የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ምርጫ ለየብቻ ይይዛል። በዴስክቶፑ ማስተካከያ ውስጥ ድልድሉን ለውጦ ኮምፒውተሩን ሲያስነሣ የመግቢያው ገጽ እንደነበረ የሚያገኘው ሰው ሌላውን ቦታ ስላልነካ ነው።

ለጊዜው ለመሞከር በኤክስ ሥርዓት ላይ «ሴት-ኤክስ-ኬ-ቢ-ማፕ» (ኤስ-ኢ-ቲ-ኤክስ-ኬ-ቢ-ኤም-ኤ-ፒ፣ ያለ ክፍተት) የሚለው ትእዛዝ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ የአገሩ ባለሁለት ፊደል መለያ ይጻፋል፦ ለጀርመን «ዲ-ኢ»፣ ለፈረንሳይ «ኤፍ-አር»፣ ለእንግሊዝ «ጂ-ቢ»፣ ለአሜሪካ «ዩ-ኤስ»። ለውጡ ወዲያው ይሠራል፤ ከዴስክቶፑ ስንወጣ ግን ይጠፋል። ዌይላንድ በተባለው አዲሱ ሥርዓት ላይ ደግሞ ይህ ትእዛዝ በዴስክቶፑ ድልድል ላይ ለውጥ አያመጣም፤ እዚያ የሚሠራው የዴስክቶፑ ማስተካከያ ገጽ ነው። የቆዩ መማሪያዎች ይህን ትእዛዝ ብቻ ስለሚጠቅሱ አንባቢው ይጠንቀቅ።

ለዘለቄታው በዴቢያንና በኡቡንቱ «ኢ-ቲ-ሲ» በተባለው ማውጫ፣ «ዲፎልት» በሚባለው ንዑስ ማውጫ ውስጥ «ኪቦርድ» የተሰኘ ፋይል ይገኛል። በውስጡ ሞዴል፣ ድልድል፣ ዝርያና አማራጭ በየመስመራቸው ሰፍረዋል። ፋይሉን በእጅ ከማረም ይልቅ «ዲ-ፒ-ኬ-ጂ» ሰረዝ «ሪኮንፊገር» የሚለውን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስነሥቶ «ኪቦርድ» ሰረዝ «ኮንፊገሬሽን» የተባለውን ጥቅል መጥራት ይሻላል፤ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ያቀርባል። በፌዶራና በመሰሎቹ ይህን የሚሠራው «ሎካል-ሲ-ቲ-ኤል» (ኤል-ኦ-ሲ-ኤ-ኤል-ኢ-ሲ-ቲ-ኤል) ነው፤ «ስቴተስ» የሚለው ቃል ሲጨመርበት አሁን የተቀመጠውን የጽሑፍ ገጽና የሥዕላዊ ገጽ ድልድል ለየብቻ ያሳያል።

ትእዛዙን ለመጻፍ ራሱ የተዛባውን ኪቦርድ መጠቀም ግድ መሆኑ የሚያስቅም የሚያበሳጭም ነው። በጀርመን ላፕቶፕ ላይ የአሜሪካ ድልድል ተቀምጦ ከሆነ «ኪቦርድ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ዋይ» የሚገኘው «ዜድ» የታተመበት ቁልፍ ላይ ነው፤ ሰረዙ ከ0 ቀጥሎ በስተቀኝ ካለው ቁልፍ ላይ ነው፤ የማውጫ ስሞችን የሚለየው ዝባዝ ደግሞ ሰረዝ በታተመበት ቁልፍ ላይ ይገኛል።

የተቆለፈ ዲስክ

ከላይ ካየናቸው ሁሉ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሻው ዲስኩ በጭነቱ ጊዜ በምስጢራዊ ኮድ የተቆለፈበት ላፕቶፕ ነው። የዲስኩ ቁልፍ የሚሰላው ከተጻፉት ፊደላት ስለሆነ አንዲት ፊደል ብትዛባ ዲስኩ አይከፈትም። መክፈቻውን የሚጠይቀው አነስተኛ ስርዓት ድልድሉን የሚይዘው በተዘጋጀበት ጊዜ ከነበረው ቅጂ ነው። ድልድሉን ዛሬ ብንለውጥ ለውጡ እዚያ የሚደርሰው ይህ ስርዓት እንደገና ሲዘጋጅ፣ ለምሳሌ አዲስ ከርነል ሲጫን ነው። ስለዚህም ድልድሉን ያስተካከለ ሰው ለሳምንታት ምንም ችግር ሳያይ ቆይቶ ከአንድ ማሻሻያ በኋላ በድንገት ዲስኩ አልከፈት ሊለው ይችላል። እርሱም ማሻሻያውን ይከሳል።

መከላከያው ድልድሉን ከመለወጥ በፊት ለዲስኩ ሁለተኛ መክፈቻ መጨመር ነው። በሊኑክስ የተለመደው «ላክስ» የተባለው የዲስክ መቆለፊያ በመጀመሪያው ቅጂው እስከ 8 የተለያዩ መክፈቻዎችን በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ሁለተኛው ቅጂ ከዚያ በላይ ይፈቅዳል። ሁለተኛው መክፈቻ ደግሞ በየትኛውም ድልድል ቦታቸው በማይለወጥ ፊደላት ብቻ ቢሠራ ይመረጣል። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በፈረንሳይ ድልድሎች መካከል ቦታ የሚለውጡት «ኤ»፣ «ኪው»፣ «ዜድ»፣ «ደብልዩ»፣ «ኤም» እና «ዋይ» ናቸው። የቀሩት 20 ፊደላት በአራቱም አንድ ቦታ ላይ ይገኛሉ።

ምርጫው ወደ 20 መውረዱ መክፈቻውን ያዳክመዋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ በስሌት እንየው። በአሜሪካ ኪቦርድ ላይ ከሚገኙት 94 ምልክቶች በዕጣ የተመረጠ ባለ8 ምልክት ቃል 94 ለ8 ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን፣ ማለትም ወደ 6,100 ትሪሊዮን የሚጠጋ አማራጭ አለው። ከ20 ፊደላት በዕጣ የተመረጠ ባለ13 ፊደል ቃል ግን 81,920 ትሪሊዮን አማራጭ አለው። አምስት ፊደል በመጨመር ጥንካሬው ከ13 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው።

የአማርኛ ነገር

በመጨረሻ የራሳችንን ፊደል የሚመለከት አንድ ነጥብ እናክል። ከድልድሎቹ ዝርዝር መካከል «ኢ-ቲ» በሚል መለያ የአማርኛ ድልድል ይገኛል። አማርኛ እጽፋለሁ ብሎ በጭነቱ ጊዜ እርሱን ብቻ የመረጠ ተማሪ የላቲን ፊደል የማይወጣበት የመግቢያ ገጽ ሊገጥመው ይችላል፤ የተጠቃሚ ስምም ሆነ ትእዛዝ በላቲን ካልሆነ አይሠራም።

ከዚህም በላይ ድልድል የተባለው ዘዴ ለፊደላችን ይጠበዋል። በአሜሪካ ኪቦርድ ላይ ምልክት የሚያወጡት ቁልፎች ከቦታ ቁልፍ በስተቀር 47 ናቸው። እያንዳንዱን በ«ሺፍት»ና በቀኙ «ኦልት» እየታገዝን አራት አራት ምልክት ብናሸክመው የሚገኘው 188 ነው፤ የመደበኛው ፊደል 33 በ7 ግን 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ የተመዘገቡለት ምልክቶች 345 ነበሩ። በዚህ የተነሣ አማርኛ የሚጻፈው ከድልድሉ በላይ በሚሠራ የአጻጻፍ ፕሮግራም አማካይነት ነው። በሊኑክስ «አይባስ» የተባለው ይህን ያከናውናል፤ «ሴራ» በተሰኘው ስልት «ኤስ-ኢ-ኤል-ኤ-ኤም» ሲተየብ ሁለት ሁለት ቁልፉን አገናኝቶ «ሰላም» ብሎ ያወጣል።

ይህ ፕሮግራም የሚነሣው በአብዛኛው ከመግቢያው በኋላ ሲሆን የሚመገበውም ከታች ያለው የላቲን ድልድል የሚያወጣውን ፊደል ነው። ከታች ያለው ድልድል የተዛባ ከሆነ አማርኛውም አብሮ ይዛባል፤ በፈረንሳይ ላፕቶፕ ላይ የአሜሪካ ድልድል የተወ ሰው «ላ» ብሎ ሊጽፍ ሲል ከ«ል» ቀጥሎ «ቅ» የሚመጣበት ለዚህ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ በቁልፎቹ ላይ ከታተመው ጋር የሚስማማው የላቲን ድልድል ይቀመጣል፤ በመግቢያው ገጽና በጽሑፉ ገጽ መሥራቱ ይረጋገጣል፤ አማርኛው ሁለተኛ ሆኖ ይጨመራል። በግኖም ዴስክቶፕ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የ«ሱፐር» ቁልፍ (ብዙውን ጊዜ የዊንዶውስ ምልክት የታተመበት) ከቦታ ቁልፍ ጋር አብሮ ሲነካ ነው።